ምዕራፍ ሰባት፦ ካድሬ የማይገባበት መቀመጫ

ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ የሶማሊያ ታንኮችና እግረኛ ጦር ድሬዳዋ ጫፍ ደርሰው ነበር። የባቡር ሐዲዱ ድልድዮች ቀደም ብለው ስለፈረሱ ከጅቡቲ የሚመጣ ነገር የለም። ጎዴ ተይዛለች፤ ከኦጋዴን ሜዳ አብዛኛው ሄዷል። ድሬዳዋ ብትወድቅ ሐረር ከጀርባዋ ትቆረጣለች፤ ምሥራቁን ከሰማይ የሚጠብቁት የጦር አውሮፕላኖች የሚነሡበት ጣቢያም ለጠላት ሲሳይ ይሆናል። ከዚያው ጣቢያ የተነሡ አውሮፕላኖች ታንኮቹን ከላይ እየመቱ፣ የምድሩ ጦር ከፊት እየገታ፣ አጥቂው ከተማዋን ሳይዝ ተመለሰ። የከተማዋ ሰፈሮች ከዚራም መጋላም በጠላት ጫማ ሳይረገጡ ቀሩ።

አንድ ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 1970 መጀመሪያ፣ ጅጅጋ ወደቀች። ከድሬዳዋ ወደ ጅጅጋ በሐረር በኩል 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅጅጋን ከሐረር የሚለየው የካራማራ ተራራ ደግሞ ጥቂት ሰው ብዙውን ሊያቆምበት የሚችል ቦታ ነው፤ ለመከላከል ከሆነ ከድሬዳዋ ሜዳ በብዙ ይሻላል። ነገር ግን እዚያ የነበረው ጦር አመፀ። ሊቀ መንበሩ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው ድረስ ሄደው ተቆጡ፣ አዘዙ፤ ሆኖም ወታደሩ ከተማዋንም ተራራውንም ለቆ ወደ ሐረር አቅጣጫ አፈገፈገ።

አንዷ ከተማ ቆማ ሌላዋ የወደቀችበት ምክንያት ብዙ ነው። የታንክ ቁጥር፣ የሬዳር መመታት፣ ስንቅ፣ ድካም፣ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ይዟል። ይህ ምዕራፍ ከነዚያ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘለለውን አንዱን ያነሣል፤ አዛዡን ማን ሾመው፣ ሲሾመውስ ምን አይቶ ነው?

መንግሥት መኮንን ሲሾም ሁለት ነገር ይመዝናል። አንደኛው ሰውየው ጦርነት ያውቃል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚሰጠውን ጠመንጃ አንድ ቀን ወደ ሿሚው ያዞረዋል ወይ ይላል። ከውጭ ወራሪ ጋር ሲዋጉ የመጀመሪያው ጥያቄ ይገናል። የእርስ በርስ ጦርነት ሲሆን ግን ሁለተኛው ጥያቄ ክፍሉን በሙሉ ይሞላዋል፤ ጠላት የሚናገረው ቋንቋ የአዛዡም ቋንቋ ሊሆን ይችላል፣ የትምህርት ቤት ጓደኛው ተራራው ማዶ ሊኖር ይችላል፣ ወንድሙ ከዚያ ወገን ሊሆን ይችላል። በ1969 ክረምት ኢትዮጵያ ሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ነበሩባት። በምሥራቅ የሌላ አገር መደበኛ ጦር ገብቷል። በኤርትራ ከተሞች አንድ በአንድ እየተለቀቁ ነው፤ በሰሜን ምዕራብ ኢዲዩ የተባለው ታጣቂ ድርጅት ይዋጋል፤ በየከተማው ኢሕአፓና ደርግ ይገዳደላሉ። ሐረርጌን የሚጠብቅ የሻለቃ አዛዥ ፊት ለፊቱ የሶማሊያን ታንክ፣ ከኋላው ደግሞ የራሱን መንግሥት ጥርጣሬ ይዞ ነው የሚዋጋው።

ጉዳዩ ከደርግም ይቀድማል። በዚሁ በሐረርጌ ምድር አንድ ሹም ሽር የእርስ በርስ ጦርነት አስነሥቶ ያውቃል። በ1908 ዓ.ም. ክረምት ልጅ ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር ግዛት ነቅለው ወደ ከፋ ሾሟቸው። ሐረር የተፈሪ አባት የራስ መኮንን አገር ነበረች፤ የድሬዳዋ ባቡርና የጉምሩኩ ገቢም ከሷ ጋር ነው። ከፋ ለተፈሪ ግዞት ማለት ነበር። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፣ ተፈሪ ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ፤ በጥቅምት ደግሞ ነገሩ በሰገሌ በደም ተቋጨ። የጦሩ ጌታ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ማንም ቢሾም ቢሻር እርሳቸው ያሉበት ወገን እንደሚያሸንፍ አዲስ አበባ ያውቅ ነበር።

ተፈሪ ነግሠው ኃይለ ሥላሴ ከሆኑ በኋላ ይህን ትምህርት አልረሱትም። ክቡር ዘበኛን ከጦር ሠራዊቱ ለይተው አቆሙ፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው። ከፍተኛ መኮንን የሚሾመው በእርሳቸው ፈቃድ ነው። ጥበቡ ግን አልሠራም፤ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ያደረገው እጅግ የሚያምኑት ክፍል፣ ክቡር ዘበኛው ነበር፤ መሪውም አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ። ከዚያ በኋላ ዝና ያገኘ መኮንን ሁሉ ለቤተ መንግሥቱ ሥጋት ሆነ። ሐረር የከተመውን ሦስተኛ ክፍለ ጦር ይዘው በ1956ቱ የኦጋዴን ውጊያ ስማቸው የገነነው አማን ሚካኤል አንዶም የሄዱት ወዴት ነው? ወደ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት። አሸናፊ ጄኔራል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሕግ እንዲያዳምጥ ተደረገ።

በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ያለው ጦር ሲያምፅ ደግሞ ጥያቄው ከታች ወደ ላይ መጣ። ወታደሮቹ ሊያረጋጓቸው የመጡትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነርሱ የሚበሉትን ምግብ አበሏቸው፣ የሚጠጡትን ውሃ አጠጧቸው። ስለ ኢትዮጵያ አብዮት በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ እንደዚህች ቀን የምትናገር ጥቂት ናት። አዛዡ በሕግ ተሹሟል፣ ኮከቡም ትከሻው ላይ አለ፤ ወታደሩ ግን ሹመቱን አልተቀበለውም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደርግ ሲቋቋም እያንዳንዱ ክፍል ተወካዮቹን ላከ። ሐረር ያለው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ከላካቸው መካከል የመሣሪያ ግምጃ ቤት መኮንኑ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አሉ። አስቸጋሪ መኮንን ስለነበሩ ከክፍሉ እንዲርቁ ሲባል ነው የተላኩት የሚል ወግ በወታደሩ ዘንድ ሲነገር ኖሯል። እውነት ከሆነ፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ውድ ዋጋ ያስከፈለ «ከአጠገቤ ሂድልኝ» ይህ ነው።

ደርግ ውስጥ ከሻለቃ በላይ አልነበረም። ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ የተሰበሰቡ ሰዎች ጄኔራሎችን ሊሾሙና ሊሽሩ ተቀመጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ሊገድሏቸው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚሆኑ የንጉሡ ባለሥልጣናት በጥይት ተደበደቡ፤ በመካከላቸው በርካታ ጄኔራሎች ነበሩ። ከሕግ መወሰኛው ወጥተው የደርግ ሊቀ መንበር የተደረጉት ጄኔራል አማንም በዚያው ሌሊት ቤታቸው ተከቦ ሲታኮሱ ሞቱ። በሐምሌ 1968 ሻለቃ ሲሳይ ሀብቴና በኤርትራ ያዘዙት ብርጋዴር ጄኔራል ጌታቸው ናደው ተገደሉ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የሊቀ መንበሩ የብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተራ ደረሰ። ድሬዳዋ ላይ ታንክ ሲመጣ ከዚያች ቀን ሰባት ወር እንኳን አልሞላም። የቀሩት ከፍተኛ መኮንኖች ምን ተማሩ? ጎልቶ መታየት እንደሚያስገድል፣ ተሸንፎ መታየትም እንደሚያስገድል። ለራሱ ቆርጦ የሚወስን አዛዥ በዚህ መካከል ከየት ይምጣ?

እስከ 1983 ድረስ አገሪቱ ጠቅላይ አዛዥዋ ሌተና ኮሎኔል፣ የበታቾቹ ግን ሌተና ጄኔራልና ሜጀር ጄኔራል የሆኑባት አገር ነበረች። መንግሥቱ ማዕረጋቸውን ከሌተና ኮሎኔል በላይ አላሳደጉም። ቀልድ ይመስላል እንጂ ብልሃት ነበረው፤ ማዕረግ ሌላው ከርሳቸው እጅ የሚጠብቀው ነገር ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ድሬዳዋ ለምን ቆመች? የእኔ ግምት አየር ኃይሉ ከሌላው ክፍል በተለየ መንገድ ይሾም ስለነበረ ነው። አየር ኃይሉ ዋና ቤቱ ደብረ ዘይት ነው፤ ምሥራቁን የሚጠብቀው ግን ከድሬዳዋ ጣቢያ እየተነሣ ነበር። የያዛቸው ኤፍ-5 የሚባሉ አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊዎች ናቸው። አሜሪካና ደርግ በተጣሉበት በ1969 መለዋወጫው ተቋርጧል፤ የሰለጠነው ሰው ግን እዚሁ ነበር። የእግረኛ ሻለቃን ለካድሬ ወይም ለሊቀ መንበሩ ወዳጅ መስጠት ይቻላል፤ ስህተቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፣ ያኔም ጥፋቱን በሌላ ማላከክ አይከብድም። አብራሪ ግን በደብዳቤ አይሾምም። ዓመታት የፈጀ ሥልጠና የሌለው ሰው ከማኮብኮቢያው አይነሣም፤ ቢነሣም አያርፍም። ደግሞ ተዋጊው ኤፍ-5ኢ ያለው አንድ መቀመጫ ብቻ ነው። ካድሬ አይገባበትም።

መካኒኩም እንዲሁ። በድሬዳዋ ወበቅ ውስጥ የብረቱ ትኩሳት እጅ እያቃጠለ አንድ አውሮፕላን በቀን ደጋግሞ እንዲነሣ የሚያደርገው ነዳጅ ቀጂው፣ ጥይት ጫኙና የሞተር ባለሙያው ነው። እዚያ ሥራ ላይ ማን ምን እንደሚችል በየሰዓቱ ይታያል፤ ሞተሩ ይነሣል ወይ አይነሣም። የሶማሊያ ሚግ-21ዎች በአየር ላይ ውጊያ በኤፍ-5ዎቹ እየተመቱ የሰማዩ የበላይነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። ከነዚያ አብራሪዎች አንዱ ለገሰ ተፈራ በውጊያ ላይ አውሮፕላኑ ተመቶ ተማረከ፤ ለ11 ዓመት ያህል ሶማሊያ ውስጥ ታሰረ። ስሙን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

አየር ኃይሉ ከፖለቲካ ነጻ ነበር እያልሁ አይደለም። እስር ነበረ፣ ጥርጣሬም ነበረ፤ ግቢው ውስጥ ካድሬ ይመላለስ ነበር። ነገር ግን ሙያው ራሱ ለሹመቱ ልክ አበጀለት። ከመቀመጫው ላይ ባለሙያውን አንሥተህ ታማኙን ብታስቀምጥ አደጋው የሚደርሰው በነጋታው ነውና፣ መንግሥትም እጁን መሰብሰብ ግድ ሆነበት።

የምድሩ ጦር ሌላ ታሪክ ነው። በሰኔ 1969 አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ የታየው፣ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ ወደ 300,000 ይደርሳል የተባለው የሚሊሺያ ጦር አዛዥ ያስፈልገው ነበር። የሐረር ጦር አካዳሚ አንድ መኮንን ለማውጣት ሦስት ዓመት ይፈጅበት ነበር። ገበሬው ግን በጥቂት ወራት ሰልጥኖ ወጥቷል። የመቶ መሪዎቹና የሻምበል አዛዦቹ ብዙዎቹ ከበታች ሹምነት በጥድፊያ ከፍ ያሉ ነበሩ። በዚህ አልፈርድም፤ ጥሩ አምሳ አለቃ ከመጥፎ መቶ አለቃ ይበልጣል፣ ከነሱም ውስጥ ጎበዝ አዛዥ የወጣው ብዙ ነው። ችግሩ ከሻለቃና ከብርጌድ በላይ ባለው እርከን ላይ ነው፤ እዚያ ካርታ ማንበብ፣ መድፍና ታንክ ማቀናጀት፣ ስንቅ ማስላት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ሰዎች ናቸው። ሚሊሺያውን የማደራጀቱን ሥራ የያዙት የደርግ ምክትል ሊቀ መንበር ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ራሳቸው ኅዳር 3 ቀን 1970 ዓ.ም. ተገደሉ። ሐረር በጠላት ተከባ ሳለች፣ ለመከላከያው ጦር ያሰባሰበው ሰው በራሱ መንግሥት ጥይት ወደቀ።

ከዚህ ወጥመድ የወጡበት መንገድ አስገራሚ ነው፤ የውጭ ሰው አመጡ። በኅዳር 1970 የሶቪየት አየር ድልድይ ተጀመረ፤ ከ10,000 በላይ የኩባ ወታደሮች ገቡ። የማጥቃቱን ዕቅድ የመራው የሶቪየት ምድር ጦር ምክትል ዋና አዛዥ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ነው፤ የኩባውን ጦር አርናልዶ ኦቾዋ አዘዘ። ከወታደራዊ ችሎታቸው ሌላ የነበራቸውን ጥቅም ብዙ ሰው አያነሣውም፤ ፔትሮቭ አራት ኪሎ ቤተ መንግሥት ልግባ አይልም። ወገን የለውም፣ ደጋፊ ክፍለ ጦር የለውም፤ ሲያሸንፍ ዝናው ሞስኮ ይሄዳል። መንግሥቱ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ጄኔራል የማይሰጡትን ሙሉ ግንባር ለባዕድ ጄኔራል በሰላም መስጠት ይችሉ ነበር፤ ሰጡም። ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችን ከተራራው ጀርባ አወረዱ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። ለካራማራ ድል የተዋጋውና የሞተው የኢትዮጵያ ወታደር ነው፤ የኩባውም ደም አብሮ ፈሷል። ድሉ ግን አንድ የተሳሳተ ትምህርት አስተማረ፤ የሹመት ሥርዓቱ ደህና ነው የሚል።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ወደ ሁሉም ክፍል ተዘረጋ። በአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳር ተቀመጠ፤ በሌላው ጎኑ የደኅንነትና የቁጥጥር ሰው። ሦስቱም ወደ ላይ የሚያመሩት በየራሳቸው መስመር ነው። ከአጠገቡ እንየው። አንድ የብርጌድ አዛዥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግራ ክንፉ እየተቆረጠ መሆኑን በሬዲዮ ሰማ እንበል። ሳይነጋ ወደ ኋላ ያለው ኮረብታ ላይ መሳብ አለበት። ኮሚሳሩ «መሬት መልቀቅ የአድኃሪያን አቋም ነው» ሊለው ይችላል፤ የደኅንነቱም ሰው ያደምጣል። ጉዳዩ ወደ ኮር፣ ከኮር ወደ ዕዝ፣ አንዳንድ ጊዜም አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። መልሱ ሲመጣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ግራ ክንፉም የለም። አዛዡ ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ ብቻውን የሚወስነው ውሳኔ ትክክል ቢሆንም ብቻውን ያስጠይቀዋል፣ ከሦስቱ ጋር የሚሳሳተው ስህተት ግን የሁሉም ነው።

ይህን ሥርዓት የፈለሰፈው የሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ትሮትስኪ ቀይ ጦርን ሲያቋቁም መኮንን አልነበረውም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዛር መኮንኖችን ሰበሰበ። ስለማያምናቸው በየጎናቸው ኮሚሳር አቆመ፤ የከዱ እንደሆነ ቤተሰቦቻቸው እንዲያዙም አዘዘ። ለ1918ቱ (እ.ኤ.አ.) ችግር የተበጀ መድኃኒት ነበር። ጀርመን ስታሊንግራድ በደረሰችበት በጥቅምት 1942 እ.ኤ.አ. ግን ራሷ ሶቪየት ኅብረት ጥምር አዛዥነቱን ሰርዛ ለአንድ አዛዥ ሙሉ ሥልጣን መለሰች። እኛ ዘንድ የመጣው ባለቤቱ ከጣለው 35 ዓመት በኋላ ነው።

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም ሊንከን በሌላ በኩል ተቸግሮ ነበር። ለሰሜኑ ጦር ወታደር የሚሰበስቡለትን ፖለቲከኞች ጄኔራል አደረገ፤ ፍራንዝ ሲግል ጀርመን ተወላጆችን ስላስከተለ ተሾመ፣ በጦር ሜዳ ግን ደጋግሞ ተሸነፈ። ልዩነቱ ሊንከን የተሸነፈውን ጄኔራል አንሥቶ ቤቱ ይሰደው ነበር እንጂ አይገድለውም። በመጋቢት 1864 እ.ኤ.አ. ለዩሊሲስ ግራንት የጦሩን ሁሉ አዛዥነት ሲሰጠው፣ ከዚያ በፊት የተሻሩት ዋና አዛዦች በሕይወት ነበሩ። ሽረት ሞት ካልሆነ የተሻረው መኮንን የሚያውቀውን ለተተኪው ይነግራል፤ የሚተካውም ስህተቱን አይደብቅም።

ወደ እኛው እንመለስ፤ ወደ ሰሜን። በኅዳርና ታኅሣሥ 1980 የኤርትራው ታጣቂ ኃይል ሻዕቢያ የናቅፋን ግንባር ሲነካካ፣ በዚያ የነበረው ናደው ዕዝ ተጎዳ። በየካቲት መንግሥቱ አስመራ ሄዱ። የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ፤ ብርጋዴር ጄኔራል ከበደ ጋሼ ማዕረጋቸው ተገፈፈ። አንድ ጄኔራል ከትከሻው ኮከቡ ሲነቀል ከፊቱ የሚቆሙት የራሱ መኮንኖች ናቸው፤ ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ነገ ሌሊት ሬዲዮው ሲጠራው ምን መልስ እንደሚሰጥ ያስባል። በምትካቸው አዲስ አዛዥ ተሾመ። ቦታውን ለምዶ፣ የበታቾቹን አውቆ ሳይጨርስ፣ ከመጋቢት 8 ጀምሮ ሻዕቢያ አፋቤት ላይ ወረደ። ዕዙ በጥቂት ቀናት ፈረሰ፤ ሦስት የሶቪየት መኮንኖችም ተማረኩ። አፋቤት የወደቀው በአንድ ሰው መረሸን ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን ጦርነት እየመጣ አንድ ወር ሲቀረው አዛዥን ገድሎ ሌላ መሾም ለባላጋራ የተሰጠ ስጦታ ነበር።

አፋቤት ምሥራቁን ነካችው። በመጋቢት 1980 መጨረሻ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማሙ፤ ከኦጋዴን ጦር አንሥቶ ወደ ሰሜን መላክ ስላስፈለገ ነው። በስምምነቱ ምርኮኞች ተመለሱ፤ አብራሪው ለገሰ ተፈራም ከነሱ ጋር። ለርሱ የጀግና ሜዳሊያና ጄኔራልነት ተሰጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ ጄኔራል በግንባሩ ተረሸነ፣ ከ11 ዓመት እስር የወጣው ምርኮኛ ጄኔራል ተባለ። ለገሰ ሹመቱ ይገባዋል፤ ነገር ግን የደርግ ሹመት ምን ያህል ለአዛዥነት፣ ምን ያህል ለመድረክ እንደነበረ እዚህ ላይ ይለያል።

ሐረር ተቀምጠው የምሥራቁን አንደኛ አብዮታዊ ሠራዊት ያዘዙት ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶም ወደ አስመራ ተዛወሩ፤ ሁለተኛውን አብዮታዊ ሠራዊት ያዙ። ትግራይ ላይ ደግሞ ከበታች ሹምነት ተነሥተው ፖለቲካ ቢሮ የደረሱት ለገሰ አስፋው ከጄኔራሎቹ በላይ ሆነው ያዝዙ ነበር። በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር ጠፋ፤ መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጣ። እንግዲህ ጄኔራሎቹ ሲመዝኑት፣ ከፊት ያለው ጠላት ሊገድላቸው ይችላል፣ ከኋላ ያለው መንግሥት ደግሞ ጠላት ያልገደላቸውን ሊገድል ይችላል።

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበሩ መፈንቅለ መንግሥቱ ተጀመረ። ስሞቹን ልብ ይሏል። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም መርዕድ ንጉሤ፣ የአየር ኃይል አዛዥ አምሐ ደስታ፣ ከአስመራ ደምሴ ቡልቶ፣ አየር ኃይሉን ለዓመታት መርተው ወደ ኢንዱስትሪ ሚኒስትርነት የተገፉት ፋንታ በላይ። ታማኝ ናቸው ተብለው ተመርጠው፣ ኮሚሳር ተቀምጦባቸው፣ ቁጥጥር ተደርጎባቸው ወደ ላይ የወጡ ሰዎች ናቸው። ሴራው ከሸፈ። መርዕድና አምሐ ራሳቸውን ገደሉ፣ ደምሴ አስመራ ላይ ተገደሉ፣ ፋንታ ታስረው ሞቱ፤ በግንቦት 1982 ደግሞ 12 ከፍተኛ መኮንኖች ተረሸኑ። የሚገርመው፣ ሴራው በከሸፈበት ዓመት ክረምት፣ ሐምሌ 6 ቀን 1981፣ ኩባ ውስጥ አርናልዶ ኦቾዋም በገዛ አገሩ መንግሥት ተረሸነ፤ ከካራማራ ድል 11 ዓመት በኋላ። የወነጀሉት በዕፅ ንግድ ነው፤ በዝናው ፈርተውት ነው የሚሉም አሉ።

በሌላው ወገን የነበሩት ኃይሎች ማዕረግ አልነበራቸውም። የትግራዩ ሕወሓት ታጋይ ትከሻው ላይ ኮከብ አልነበረም፤ አዛዡን የሚያወጣውና የሚያወርደው ድርጅቱ ነው፣ ማጣሪያው ግምገማ ነው። እዚያም ፖለቲካው ከአዛዡ በላይ ነበር፤ ነገር ግን ፖለቲካውና አዛዡ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበሩ። ማዕረግ የተሰጠው ከድሉ በኋላ፣ መንግሥት ከሆኑ በኋላ ነው። የደርግ ሠራዊት በ1983 ተበትኖ ሲሄድ የሐረር አካዳሚ ምሩቅ የነበሩ ኮሎኔሎች ድሬዳዋ ከተማ ላይ የዕለት ሥራ ሲፈልጉ ማየት እንግዳ አልነበረም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት መከላከያ ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችን ተዋጽኦ እንዲይዝ ደነገገ፤ ጠቅላይ አዛዡ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ።

እንደገና በእርስ በርስ ጦርነት መካከል ሹመት የመጣው በ2013 ነው። ጥቅምት 24 ሌሊት ትግራይ ውስጥ የሰሜን ዕዝ ተጠቃ። በአምስተኛው ቀን፣ ጥቅምት 29፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኤታማዦር ሹሙን ጄኔራል አደም መሐመድን አንሥተው ብርሃኑ ጁላን ሾሙ፤ ከጡረታ የተጠሩት ሌተና ጄኔራል አበባው ታደሰ ምክትል ሆኑ። የደኅንነቱና የፌዴራል ፖሊሱ ሹሞችም በዚያው ቀን ተቀየሩ። ሌሎችም ጡረተኛ ጄኔራሎች ልብሳቸውን መልሰው ለበሱ፤ ባጫ ደበሌ አንዱ ናቸው። የሁለተኛው ጥያቄ፣ የታማኝነቱ፣ መልስ ደግሞ ከባድ ነበር፤ በርካታ የትግራይ ተወላጅ መኮንኖች ከሥራ ገለል ተደረጉ፣ የታሰሩም ነበሩ። ብዙዎቹ ከዚያ ዕለት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ደሞዝ ሰሌዳ ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በማዶ፣ በትግራይ ኃይሎች በኩል፣ ጦር ያደራጁት ጻድቃን ገብረ ትንሣኤ እስከ 1993 የአገሪቱ ኤታማዦር ሹም ነበሩ። በዚያው ወገን የነበሩት ታደሰ ወረደ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ በአብዬ የተባበሩት መንግሥታትን የሰላም አስከባሪ ጦር በኢትዮጵያ መኮንንነት አዝዘዋል። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ብርሃኑ ጁላ ፊልድ ማርሻል ተባሉ።

ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ ላይ የአፈጻጸሙን ሰነድ የፈረሙት ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ናቸው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አለፈ። መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የትግራይን ጊዜያዊ አስተዳደር የሚመራ ሰው ሾሙ፤ የተሾሙት ታደሰ ወረደ ነበሩ።